ጠላትን ሳያስበው መምታት፦ በዲ ኤንድ ዲ የደፈጣ ዝርዝር መመሪያ

ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ (ዲ ኤንድ ዲ) በሚባለው፣ ጠረጴዛ ዙሪያ በዳይስ በሚጫወቱት የምናብ ጨዋታ አንድ የውጊያ ዙር 6 ሰከንድ ነው፤ አብዛኛው ግጭት ደግሞ በሦስትና በአራት ዙር ያልቃል። ስለዚህ ጠላት የመጀመሪያውን ዙር ቆሞ እያየ ካሳለፈው ውጊያው ገና ሲጀመር ወደ እናንተ አጋድሏል። ይህን የማያውቅ ተጫዋች የለም። ሆኖም ብዙ ጠረጴዛ ላይ ደፈጣ የሚባለው ነገር “ተደብቀን እንጠጋለን” ብሎ ዳይስ ከመወርወር አያልፍም። ከዚያ ብረት ለበሱ ፋይተር (ተዋጊው) በሃያ ገጹ ዳይስ 4 ያወጣል፣ ዘቦቹ ይነቃሉ፣ ሁሉም “ዕድላችን ነው” ይላል።

ዕድል አይደለም። ደፈጣ የሚያዘው ወይም የሚበላሸው ዳይስ ከመወርወሩ በፊት ነው፤ ይህንንም በቁጥር ማየት ይቻላል። መመሪያው የተጻፈው ብዙ ሰው አሁንም በሚጫወትበት በ2014ቱ 5ኛ እትም ሕግ ነው። የ2024ቱ እትም የቀየረው ነገር ከባድ ስለሆነ ለብቻው ከታች አለ።

አንድ ምሳሌ ይዘን እስከ መጨረሻው እንሂድ። ድልድይ የሚጠብቁ 4 ዘቦች አሉ፤ እያንዳንዳቸው ኤሲ (ለመምታት መድረስ ያለበት ቁጥር) 16፣ ኤችፒ (የሕይወት ነጥብ) 11። አብሯቸው አንድ አኮላይት (ጀማሪ ቄስ) አለ፤ ኤሲ 10፣ ኤችፒ 9። የአምስቱም ፓሲቭ ፐርሴፕሽን (ዳይስ ሳይወረወር የሚቆጠር ንቃት) 12 ነው። እናንተ 3ኛ ሌቨል ላይ ያላችሁ አራት ናችሁ፦ ስቴልዙ (በመደበቂያ ውርወራው ላይ የሚደመረው) +7 የሆነ ሮግ (ሰርጎ ገብ)፣ +4 የሆነ ድሩይድ (የተፈጥሮ ደጋሚ)፣ +2 የሆነ ዊዛርድ (አስማተኛ)፣ እና ቼይን ሜይል (የሰንሰለት ጥሩር) የለበሰ ፋይተር። የፋይተሩ ስቴልዝ 0 ነው፤ ልብሱ ደግሞ ዲስአድቫንቴጅ (ሁለት ጊዜ ወርውሮ ትንሹን መውሰድ) ያስከትልበታል።

መጀመሪያ ከዲኤሙ ጋር ተስማሙ

ከሁሉ በፊት ለዲኤሙ (ጨዋታውን ለሚመራው ሰው) የምታቀርቡት ጥያቄ ይህ ነው፦ “ስቴልዛችንን የምታየው በነፍስ ወከፍ ነው ወይስ በቡድን?”

በሕጉ ቀጥተኛ ንባብ ዲኤሙ የእያንዳንዱን ተደባቂ ስቴልዝ ከእያንዳንዱ ጠላት ፓሲቭ ፐርሴፕሽን ጋር ያወዳድራል። አንድ ዘብ ከአራታችሁ አንዳችሁን ብቻ ካየ ያ ዘብ ድንገት አልተያዘም። በዚህ አሠራር አራቱም ማምለጥ አለባቸው። 12 ያወጣ ያመልጣል ብለን ስናሰላ ሮጉ 80%፣ ድሩይዱ 65%፣ ዊዛርዱ 55%፣ ፋይተሩ 20% ያህል ዕድል አላቸው። አራቱ ሲባዙ የሚገኘው 6% ገደማ ነው።

ዲኤሙ የቡድን ፍተሻ የሚጠቀም ከሆነ ግን ከአራቱ ግማሹ፣ ማለትም ሁለቱ ካለፉ ሁሉም ያልፋሉ። የእነዚያው አራት ሰዎች ዕድል ወደ 79% ይወጣል። ሰዎቹም ዘቦቹም ዳይሱም አልተቀየሩም፤ 6 እና 79ን የለየው የዲኤሙ ውሳኔ ብቻ ነው። ይህን ሳትጠይቁ ዕቅድ ማውጣት ካርታ ሳያዩ መንገድ መጀመር ነው። ጥያቄው ከጨዋታው በፊት ይቅረብ፤ ዘቦቹ ፊት ቆማችሁ ከጠየቃችሁ ክርክር ይመስላል።

ሁለት ነገር ጨምራችሁ ጠይቁ፦ ስቴልዝ ከፓሲቩ ጋር እኩል ሲሆን ለማን ይፈረዳል? የሚወረወረውስ መቼ ነው፣ ቦታ ስትይዙ ወይስ ውጊያው ሊጀመር ሲል? አንድ ጊዜ ተወርውሮ ያ ቁጥር ቢጸና ለእናንተ ይሻላል። በየ30 ጫማው እንደገና የሚያስወረውር ዲኤም ካላችሁ መንገዱን አሳጥሩ፤ ውርወራው በበዛ ቁጥር አንዱ መውደቁ አይቀርም።

የነፍስ ወከፉን 6% ወደ 90% ማውጣት

በጣም ርካሹ መሣሪያ ብርሃን ነው። በድንግዝግዝ ውስጥ በዓይን የሚደረግ ፐርሴፕሽን ዲስአድቫንቴጅ አለው፤ በፓሲቭ ላይ ይህ 5 መቀነስ ማለት ነው። የዘቦቹ 12 ወደ 7 ይወርዳል። ጀምበር ስትጠልቅ መድረስ ብቻውን 6%ን ወደ 35% ያወጣዋል። ዳርክቪዥን (በጨለማ የማየት ችሎታ) ያለው ጠላትም ቢሆን ጨለማን የሚያየው እንደ ድንግዝግዝ ነውና ይኸው ቅናሽ አይቀርለትም። ብዙ ዲኤሞች ይህን ይዘነጉታልና በአክብሮት አስታውሷቸው።

ችቦ የያዘ ዘብ ደግሞ ከሁሉ የቀለለ ዒላማ ነው። የችቦ ብርሃን 20 ጫማ ድረስ ደማቅ፣ ከዚያ ወዲያ ሌላ 20 ጫማ ድንግዝግዝ ነው። ዳርክቪዥን የሌለው ዘብ ከ40 ጫማ ውጭ ያለውን በዓይኑ አያይም፤ እናንተ ግን እሱን ቁልጭ አድርጋችሁ ታዩታላችሁ። የሚቀረው ጆሮው ብቻ ነው።

ቀጥሎ ልብስ። ዲስአድቫንቴጅ የሚያመጡት ፓድድ፣ ስኬል ሜይል፣ ሃፍ ፕሌት፣ ሪንግ ሜይል፣ ቼይን ሜይል፣ ስፕሊንትና ፕሌት ናቸው። ቼይን ሸርትና ብሬስትፕሌት አያመጡም። ፋይተሩ በ50 ወርቅ ቼይን ሸርት ገዝቶ በሻንጣው ቢይዝ በድንግዝግዝ ያለው ዕድል ከ49% ወደ 70% ይወጣል። ቼይን ሜይሉን ለማውለቅ 5 ደቂቃ፣ ቼይን ሸርቱን ለመልበስ ሌላ 5 ደቂቃ ይፈጃል፤ ስለዚህ ልብስ የሚቀየረው ድልድዩ አጠገብ ሳይሆን ሰፈሩ ላይ ነው። የሚከፈለው ዋጋ ኤሲ ነው፤ ዴክስተሪቲው (ቅልጥፍናው) ጭማሪ ለሌለው ሰው ከ16 ወደ 13 ይወርዳል። ለአንድ ውጊያ የሚያዋጣ ይመስለናል፤ ሌላ ውጊያ ተከታትሎ የሚመጣ ከሆነ ግን አያዋጣም።

ሌላው አማራጭ ፋይተሩን ወደ ኋላ መተው ነው። ሦስቱ ብቻ በድንግዝግዝ ሲጠጉ ዕድሉ 72% ነው። ፋይተሩ 60 ጫማ ርቆ ግድግዳ ወይም ኮረብታ ጀርባ ይቆያል። ውጊያው ሲጀመር ሮጦ ይደርሳል፤ የመጀመሪያው ዙር ላይ ግን አይመታም። ሦስተኛው ምርጫ ከሁሉ የሚበልጠው ነው፦ ፓስ ዊዝአውት ትሬስ።

ይህ የ2ኛ ሌቨል ድግምት ከደጋሚው 30 ጫማ ውስጥ ላሉ ወዳጆች ሁሉ ስቴልዝ ላይ 10 ይጨምራል፤ እስከ 1 ሰዓት ይቆያል፤ ኮንሰንትሬሽን (በአንድ ጊዜ ለአንድ ድግምት ብቻ የሚሆን ትኩረት) ይጠይቃል። ድሩይድ በ3ኛ ሌቨል ያገኘዋል፣ ሬንጀር ግን እስከ 5ኛ መጠበቅ አለበት። የጥላ መንገድን የመረጠ መንክ (መነኩሴ ተዋጊ) ከ3ኛ ሌቨል ጀምሮ በ2 ኪ (የውስጥ ኃይል ነጥብ) ይደግመዋል። በእኛ ምሳሌ፣ በቀን ብርሃን እንኳ፣ ሦስቱ 1 ቢያወጡም ያመልጣሉ፤ የሚያሰጋው ፋይተሩ ብቻ ነው፤ እሱም 90% አለው። በድንግዝግዝ ከሆነ የሚወድቅ የለም።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚበላሹ ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ ድግምቱ በድምፅ የሚነገር ነው፤ ዘቦቹ ጆሮ ሥር ሆናችሁ አትድገሙት። ሁለተኛ፣ 30 ጫማው ከድሩይዱ የሚለካ ነው፤ ሮጉ ለቅኝት 50 ጫማ ቀድሞ ከሄደ 10ሩን ትቶ ሄዷል። ሦስተኛ፣ ድሩይዱ ሌላ ኮንሰንትሬሽን ይዞ ከሆነ ያኛው ይጠፋል።

ውሻ ሲኖር

ዘቦቹ አንድ ማስቲፍ ካላቸው ሒሳቡ ሁሉ ይፈርሳል። የማስቲፍ ፓሲቭ 13 ነው፤ በማሽተትና በመስማት አድቫንቴጅ (የዲስአድቫንቴጅ ተቃራኒ) ስላለው 5 ተጨምሮበት 18 ይሆናል። ድንግዝግዝ አፍንጫውን አይቀንሰውም። ፓስ ዊዝአውት ትሬስ እያለ እንኳ አራቱም ከውሻው የማምለጣቸው ዕድል ከ90% ወደ 27% ይወርዳል። በሕጉ ውሻው ብቻ ቢነቃ ዘቦቹ አሁንም ድንገት ሊያዙ ይችላሉ፤ ነገር ግን ውሻ ቀድሞ ከጮኸ ዘቦቹን እንዳልሰሙ የሚቆጥር ዲኤም የለም።

ሳይለንስ የሚለው ድግምት ድምፅን ያጠፋል እንጂ ሽታን አያጠፋም። የሚሠራው ርቀትና ነፋስ ነው። ዲኤሙን “ነፋሱ ከየት ነው የሚነፍሰው?” ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱን ካርታው ላይ በቀስት ምልክት አድርጉ፤ ነፋሱ ከውሻው ወደ እናንተ በሚመጣበት በኩል ግቡ። አብዛኛው ዲኤም ለዚህ ጥንቃቄ የውሻውን አድቫንቴጅ ያነሳላችኋል። ያ ካልሆነ ከሩቅ ጀምሩ። ማስቲፍ ኤሲው 12፣ ኤችፒው 5 ብቻ ነው፤ አንድ ፍላጻ ይበቃዋል።

ቦታ አያያዝ

በእኛ ምሳሌ ለተኳሾችና ለደጋሚዎች ትክክለኛው ርቀት 70 ጫማ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የዘቦቹ ጦር ሲወረወር ከ60 ጫማ አያልፍም። የአኮላይቱ ድግምት ሴክሬድ ፍሌምም 60 ላይ ያበቃል። ዘብ በአንድ ተራ ሙሉ ሩጫ ቢሮጥ 60 ጫማ ነው፤ ስለዚህ በመጀመሪያው ተራው ሊመታችሁ አይችልም። የሮጉ ሾርትቦው (አጭር ቀስት) ግን 80 ጫማ ድረስ ያለ ችግር ይመታል፤ የዊዛርዱ የማስተኛ ድግምት ስሊፕና የድሩይዱ የማሰሪያ ድግምት ኢንታንግል 90 ይደርሳሉ። 10 ጫማ ብትቀርቡ ይህ ሁሉ ጥቅም ይጠፋል።

ፋይተሩ በተቃራኒው 30 ጫማ ላይ ይሁን፤ በአንድ እንቅስቃሴ ደርሶ መምታት አለበት። ሙሉ ከለላ ያለው ነገር፣ ማለትም ድንጋይ፣ የድልድይ ምሰሶ ወይም የተገለበጠ ጋሪ ጀርባ ይሁን። ድሩይዱ 70 ላይ ፋይተሩ 30 ላይ ከሆኑ በመካከላቸው 40 ጫማ አለ፣ ፓስ ዊዝአውት ትሬስ አይደርሰውም የሚል ካለ ትክክል ነው። መፍትሔው ድሩይዱ 70ውን ትቶ በተኳሾቹና በፋይተሩ መካከል መሆኑ ነው፤ ተኳሾቹ በመንገዱ ትይዩ፣ ፋይተሩ ትንሽ ወደ ጎን ብሎ። ያኔ ከድሩይዱ ያለውን ርቀት በካሬ (አንዱ 5 ጫማ ነው) ቆጥራችሁ ከ6 ካሬ እንዳይበልጥ አድርጉ፤ ቦታው ካልፈቀደ ድሩይዱንና ተኳሾቹን ወደ ፋይተሩ አቅርቡ እንጂ ፋይተሩን ያለ ድግምቱ አትተዉት።

ፋይተሩ በጎን መሆኑም የራሱ ጥቅም አለው። ፋይተሩ በተኳሹና በዒላማው መካከል ከገባ ለዘቡ ከለላ ይሆነዋል፤ ኤሲው ከ16 ወደ 18 ይወጣል። ከጎን ሲገባ የተኩስ መስመሩ ክፍት ይሆናል።

ከመጀመሩ በፊት ደግሞ የማፈግፈጊያ መንገድና ምልክቱን ተነጋገሩ። አንድ ቃል ይበቃል።

ኢኒሼቲቭ፦ ብዙዎች የሚሳሳቱበት

“እኔ መጀመሪያ ተኩሼ ከዚያ ኢኒሼቲቭ እንወርውር” የሚል ተጫዋች ሁልጊዜ ይኖራል፤ ኢኒሼቲቭ የተራን ቅደም ተከተል የሚወስን ውርወራ ነው። በ5ኛው እትም እንዲህ ያለ ነገር የለም። ሮጉ ልተኩስ ሲል ውጊያው ተጀመረ፤ ሁሉም ኢኒሼቲቭ ይወረውራል፤ ድንገት የተያዙት የመጀመሪያ ተራቸው ሲደርስ መንቀሳቀስም አክሽን (ድርጊት) መውሰድም አይችሉም፤ ያ ተራ እስኪያልፍም ሪአክሽን (የመልስ ድርጊት) የላቸውም። ለብቻው የቆመ “የሰርፕራይዝ ዙር” የሚባለው ከቀድሞ እትሞች የመጣ ልማድ ነው።

ልዩነቱ ጥቃቅን አይደለም። ዘቡ ኢኒሼቲቭ 18፣ ሮጉ 9 ቢያወጡ የዘቡ ተራ ባዶ ሆኖ ቀድሞ ያልፋል፤ ሮጉ ሲተኩስ ዘቡ ከድንጋጤው ወጥቷል። ዘቡ ያንን ተራ አጥቷልና ደፈጣው አልባከነም። ሮጉ አሳሲን (የሮግ አንድ ዘርፍ) ከሆነ ግን ይጎዳል፤ የአሳሲኑ የተረጋገጠ ክሪቲካል (የጉዳት ዳይሱ እጥፍ የሚሆንበት ምት) የሚሠራው ዒላማው አሁንም ድንገት እንደተያዘ ሲቆጠር ብቻ ነው። ስለዚህ አሳሲን ያለው ቡድን ኢኒሼቲቭ ላይ ማዋል የሚችለውን ሁሉ ያውል።

በሌላ በኩል አለርት የሚባለውን ልዩ ችሎታ የወሰደ ሰው ነቅቶ እስካለ ድረስ ድንገት አይያዝም። ጠላት መካከል እንዲህ ያለ ካለ ዲኤሙ ቀድሞ አይነግራችሁም፤ “ለምን ተንቀሳቀሰ?” ብላችሁ ከመከራከር እሱን ቀዳሚ ዒላማ አድርጉት።

የመጀመሪያው ዙር

ድንጋጤው አንድ ተራ ብቻ ነው። አራታችሁም አራት የተለያየ ጠላት ላይ አንድ አንድ ቁስል ካደረሳችሁ በሁለተኛው ዙር አምስት በሕይወት ያሉ ጠላቶች ይጠብቋችኋል። ደንቡ አጭር ነው፦ ቁጥር ቀንሱ፣ ወይም እጃቸውን እሰሩ።

ሮጉ ሳይታይ ስለሚተኩስ አድቫንቴጅ አለው። በ+5 ኤሲ 16ን የመምታት ዕድሉ ከ50% ወደ 75% ይወጣል፤ አድቫንቴጁ ስኒክ አታክንም (የሮጉን ተጨማሪ ጉዳት) ስለሚያስገኝ ጉዳቱ በአማካይ 13.5 ነው። የዘቡ 11 ኤችፒ አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ያልቃል። ከተኮሰ በኋላ ግን ቦታው ታውቋል፤ በኋለኛው ተራው በቦነስ አክሽን (ተጨማሪ ፈጣን ድርጊት) እንደገና ይደበቅ።

ስሊፕ ላይ ተጠንቀቁ። በ2014ቱ ሕግ 5 ዲ8 (አምስት ባለ ስምንት ገጽ ዳይስ) ይወረወራል፤ ድምሩ የሚያስተኛው የኤችፒ መጠን ነው፤ አማካዩ 22.5 ነው፤ የሚጀምረውም ኤችፒው ከሁሉ ካነሰው ነው። ውሻው ካለ 5 ይበላል፣ አኮላይቱ 9 ይበላል፤ የሚቀረው 8.5 ለአንድ ዘብ አይበቃም። ውሻው ቀድሞ ከወደቀ ግን አኮላይቱና አንድ ዘብ አብረው ይተኛሉ። ስለዚህ ውሻ ባለበት ዊዛርዱ ተራው ከሮጉ ቀድሞ ከደረሰ ስሊፕን በ2ኛ ሌቨል ስሎት (የድግምት ድርሻ) ይደግመው፤ 7 ዲ8 ይሆናል፣ አማካዩም 31.5። የተኛን ሰው ማንም እንዳይነካ አስጠንቅቁ፤ ጉዳት ያነቃዋል።

ድሩይዱ ፓስ ዊዝአውት ትሬስን አሁን ይልቀቀው፤ ሥራውን ጨርሷል። የቀሩትን ዘቦች በኢንታንግል ይሰር። ፋይተሩ ኢንታንግሉ መሬት ውስጥ እንዳይገባ ከጫፍ ያለውን ይምታ።

የ2024ቱ እትም

እዚህ ድንገት የተያዘ ሰው ተራውን አያጣም፤ ኢኒሼቲቩን በዲስአድቫንቴጅ ይወረውራል፣ በቃ። መደበቅም ተለውጧል፦ ከጠላት ዓይን ውጭ ሆናችሁ፣ በከባድ ግርዶሽ ወይም ቢያንስ በሦስት አራተኛ ከለላ ጀርባ፣ ስቴልዝ 15 ማውጣት አለባችሁ። ከተሳካ ኢንቪዝብል (የማይታይ) ትባላላችሁ፤ ይህም ለእናንተ ኢኒሼቲቭ ላይ አድቫንቴጅ ይሰጣል። በዳይሱ አማካይ እናንተ 13.8፣ እነሱ 7.2 ማለት ነው። ቀድማችሁ ትመታላችሁ እንጂ ነፃ ዙር የላችሁም።

ይህ ዕቅዱን ይለውጠዋል። ከጉዳት ይልቅ የጠላትን ተራ የሚያጠፉ ድግምቶች በመጀመሪያው ዙር ይቅደሙ። ፋይተሩ በቼይን ሜይል 15 የማውጣት ዕድሉ 9% ብቻ ስለሆነ የልብሱ ጉዳይ ከ2014ቱ ይልቅ ይከብዳል። የ2024ቱን ስሊፕም ከላይ ባለው ሒሳብ አትጠቀሙበት፤ ኤችፒ መቁጠሩ ቀርቶ በዊዝደም ሴቭ (ዒላማው በሚወረውረው የመቋቋሚያ ዳይስ) የሚሠራ ሆኗል።

ሲከሽፍ

አንዱ ከተገኘ ወዲያው “ጥቃት!” አትበሉ። ዘቡ ያየው አንድን ሰው ነው፤ ደፈጣውን ገና አላየም። የታየው ሰው እጁን አንሥቶ ይውጣ፤ መንገድ የጠፋበት ነጋዴ ይሁን፤ ዘቦቹን ወደ ራሱ ይሳብ። ሌሎቹ ባሉበት ይቆዩ። ዲኤሙ ዲሴፕሽንን (ማታለልን) ከዘቦቹ ኢንሳይት (ማስተዋል) ጋር ሊያወዳድር ይችላል፤ ከተሳካ የቀሩት ሦስቱ አሁንም ሳይታዩ ይጀምራሉ፣ ዘቦቹም ጀርባቸውን ሰጥተዋል። ይህም ካልሠራ የተስማማችሁበትን ቃል ተናገሩና ውጡ። 70 ጫማ ላይ ያሉት የመሸሽ ቀዳሚነት አላቸው፤ ፋይተሩ የለውም፤ ስለዚህ ሽሽቱን የሚሸፍነው ኢንታንግል ለእሱ ይቀመጥ።

ዲኤም ለሆናችሁ

ጭራቆቻችሁም ማድፈጥ ያውቃሉ። የ2014ቱ ጎብሊን ስቴልዙ +6 ነው፤ ከ1ኛ ሌቨል ተጫዋቾች አብዛኞቹን ያልፋቸዋል። ቀስቱ በአማካይ 5.5 ይጎዳል፤ 8 ኤችፒ ያለው ዊዛርድ በሁለት ፍላጻ ወደቀ። አራት ጎብሊኖች ድንገት ሲይዙት አንድ ተራ ሳይጫወት ሊወድቅ ይችላል፤ ይህ ለማንም ደስ አይልም። ባግቤር የሚባለው ጭራቅ ይብሳል፤ ድንገት የያዘውን በመጀመሪያው ዙር ሲመታ 2 ዲ6 ይጨምራል።

ሦስት ልማዶች ይረዷችኋል። የተጫዋቾቹን ፓሲቭ ቀድማችሁ ወረቀት ላይ ጻፉ፤ “ፐርሴፕሽን ወርውሩ” ማለት ራሱ ማስጠንቀቂያ ነው። ከደፈጣው በፊት ቢያንስ አንድ እውነተኛ ምልክት ስጡ፦ ወፎች ዝም ያሉበት ጫካ፣ መንገድ ላይ የወደቀ ፈረስ፣ ገና የሚጤስ እሳት። ምልክቱን አይቶ “ቆይ፣ እንቁም” ያለ ተጫዋች ካለ ድንገት አልተያዘም በሉ። ፍላጻዎቹንም አንድ ሰው ላይ አታከማቹ፤ ቢያንስ እስከ 3ኛ ሌቨል ድረስ በትኗቸው።